መብረር ለምትሹ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ያደግሁት ጣርማ በር አካባቢ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ ከሥሬ ተነሥቶ እየዞረ እየዞረ ከራሴ በላይ ሲያልፍ አይ ነበር። ለምን እንደማይወድቅ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ አሜሪካ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሽያን ነበርኩ፤ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ጆኪስ ሪጅ በሚባለው የአሸዋ ጉብታ ላይ በሃንግ ግላይደር፣ ሰው ከሥሩ ታስሮ በሚበርበት ሞተር አልባ ክንፍ፣ ተንጠልጥዬ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። «ከየት ልጀምር?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሴ ይኸው።

ክንፍ ለመግዛት አትቸኩሉ። ያገለገለ ክንፍ በርካሽ አግኝቶ ብቻውን ኮረብታ የሚወጣ ልጅ ሳይ ሆዴ ይረበሻል። መጀመሪያ የማስተማር ፈቃድ ያለው ሰው ፈልጉ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ከአስተማሪ ጋር አንድ ላይ አስሮ፣ በትንሽ አውሮፕላን ስቦ 600 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋችኋል። ጥሩ ነው፤ ዓይን ይከፍታል። እኔ ግን አሸዋውን እመርጣለሁ። ጉብታው እንደ ነፋሱ ሥራ ከ24 እስከ 30 ሜትር ከፍታ አለው፤ ብትወድቁም የሚቀበላችሁ አሸዋ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

የመጀመሪያው ቀን ይህን ይመስላል። ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ክንፍ ትከሻችሁን ይጫናል። ነፋሱ ከፊት ሲገባበት ግን ክብደቱ ጥፍት ይላል። «ሩጥ!» ሲባል ጀማሪ ሁለት እርምጃ ሮጦ ይዘላል። አትዝለሉ፤ እግራችሁ አሸዋውን ከለቀቀ በኋላም ሩጡ። የመቆጣጠሪያውን ብረት አትጨምድዱት፣ በጣታችሁ ብቻ ያዙት። ወደ ደረታችሁ ስትስቡት ፍጥነት ትጨምራላችሁ፤ ስትገፉት ትቀንሳላችሁ፤ አብዝታችሁ ከገፋችሁት ክንፉ መሸከሙን ይተዋል፤ ስቶል የሚባለው ይህ ነው። የደነገጠ ሰው መሬቱን ለመሸሽ ይገፋል፤ የሚያድነው ግን ፍጥነት ነው። ይህን ጭንቅላት ቶሎ ይቀበለዋል፤ እጅ የሚቀበለው ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው።

ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል በሠራቸው ክንፎች እስከ 2,000 ጊዜ ያህል ከኮረብታ ተንሳፍፎ በ1896 እ.ኤ.አ. ወድቆ ሞተ። አውሮፕላን ከሠሩት ከራይት ወንድማማቾች አንዱ፣ ዊልበር፣ በኋላ ሲያሰላው፣ ሰውየው በአምስት ዓመት ውስጥ አየር ላይ የቆየው አምስት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። እነ ራይት ከጆኪስ ሪጅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው አሸዋ የመጡት ነፋሱ ለልምምድ ስለሚመች ነው፤ በ1903 ሞተር ከመግጠማቸው በፊት መቶዎች ጊዜ ያለ ሞተር ተንሳፈፉ። የዛሬው ክንፋችን መነሻም ከዚህ ትዕግሥት የራቀ አይደለም፤ ፍራንሲስ ሮጋሎና ባለቤቱ ገርትሩድ በ1948 የሠሩት ክንፍ ከወጥ ቤት መጋረጃ የተሰፋ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን በተለይ ያዙልኝ። ብዙ ዓመት ከበረርኩ በኋላ፣ አንድ ቀን መታጠቂያዬን ለብሼ፣ ሄልሜቴን አጥልቄ፣ ክንፉን አንሥቼ ገደሉ አፋፍ ቆምኩ። ከክንፉ ጋር ከመታሰሬ በፊት አንድ ሰው ጠርቶኝ ጨዋታ ይዘን ነበር። ልሮጥ ስል ጓደኛዬ የክንፉን አፍንጫ ጨብጦ «ወንድሜ፣ ጀርባህን እይ» አለኝ። ካራቢነሩ፣ መታጠቂያውን ከክንፉ ጋር የሚያያይዘው የብረት ቀለበት፣ ጀርባዬ ላይ ባዶውን ተንጠልጥሏል፤ ከክንፉ ጋር አልታሰርኩም። ቢለቀኝ ኖሮ በእጄ ተንጠልጥዬ ነበር ከገደሉ የምወርደው። ክንፉን አስቀምጬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ በዚያ ቀን አልበረርኩም።

ስለዚህ ከክንፉ ጋር ታስራችሁ መታጠቂያው ላይ ተንጠልጥላችሁ ተኙና ሌላ ሰው ይያችሁ። ከዚያም ለመሮጥ ስትቃረቡ ክንፉን ወደ ላይ አንሡትና የጭናችሁ ማሰሪያ ሲስባችሁ ይሰማችሁ። ካልሳበ አትሩጡ። ሰው ካነጋገራችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

አሞራው የሚዞርበትን የሞቀ አየር፣ ተርማሉን፣ በጊዜው ትደርሱበታላችሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደስቲን ማርቲን የተባለ አብራሪ ከቴክሳስ ተነሥቶ ያለ ሞተር 764 ኪሎ ሜትር በሯል። እናንተ ግን ለጊዜው ከአሸዋው አትራቁ። በበጋ አሸዋው እግር ያቃጥላል፤ የማሰሪያ መንጠቆ የሌለው ጫማ አድርጉ፣ መንጠቆ የክንፉ ሽቦ ላይ ይያዛል። ውኃ ያዙ፤ ማልዳችሁ ድረሱ።