ቧንቧውን ለምን ጠሉት?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን ለብዙ ዓመታት በሾፌርነት ሠርቻለሁ። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ቦቴ ተገልብጦ ነዳጁ በቦይ ሲወርድ፣ ሰውም ጀሪካን ይዞ ሲሯሯጥ በዓይኔ ስላየሁ፣ ነዳጅ በቧንቧ ቢጓዝ ይሻላል ባይ ነኝ። በካናዳ የባሕር ዳርቻ ያሉ የኪቲማት ከተማ ነዋሪዎች ግን የነዳጅ ቧንቧ አንፈልግም ብለው ድምፅ እንደሰጡ አነበብኩ። ልማት ጠልተው ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አላቸው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ቦቴንና ቧንቧን ማነጻጸርዎ ተገቢ ነው (ጀሪካን ይዞ መሯሯጡ ራሱ ሌላ አደጋ መሆኑ ሳይዘነጋ)። ኪቲማት ላይ የተነሣው ክርክር ግን ሌላ ነበር። ኖርዘርን ጌትዌይ የተባለው ዕቅድ ከካናዳዋ የአልበርታ ግዛት ተነሥቶ እስከ ኪቲማት 1,177 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መንታ ቧንቧ ሲሆን፣ አንዱ እንደ ሬንጅ የወፈረውን ድፍድፍ አቅጥኖ ወደ ባሕር ያወርዳል፤ ሌላው ማቅጠኛውን ፈሳሽ ከወደብ ወደ አልበርታ ይወስዳል። ድፍድፉ ወደብ ሲደርስ መርከብ ላይ ይጫናል፤ መርከቡም ጠባቡን የዳግላስ ሰርጥ አልፎ ነው ውቅያኖስ የሚገባው። እርስዎ ጣርማ በር ላይ ያዩትን ዓይነት አደጋ እነርሱ የሚፈሩት ከመርከቡ ነው። በዚያው በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ፣ አላስካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ከባሕር ዓለት ተጋጭታ 11 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ድፍድፍ አፍስሳለች።

ልማት ጠል እንዳንላቸው ከተማዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለአሉሚኒየም ፋብሪካ ተብላ የተቆረቆረች ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 በተሰጠው ድምፅ 1,793 ሰዎች ሲቃወሙ 1,278 ደግፈዋል፤ ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት የተለያየበት ጉዳይ ነበር። ውጤቱ በሕግ አስገዳጅ ያልነበረ ሲሆን፣ በአጠገቡ ባለው መንደር የሚኖሩት የሃይስላ ነባር ሕዝቦችም ከከተማው ወሰን ውጭ በመሆናቸው አልመረጡም። በዚያው ዓመት በሰርጡ አፍ የምትገኘው የሃርትሊ ቤይ መንደር ሴቶች በኪሮሽ የሠሩትን ባለ ብዙ ቀለም የክር ሰንሰለት፣ ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን፣ በጀልባ ጎትተው ከዳር እስከ ዳር ዘረጉት። ክር መርከብ እንደማያቆም እነርሱም ያውቁ ነበር።

ዕቅዱ እንዴት ወደቀ ለሚለው፣ በእኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት የምክክር ጉድለት ነው። ገምጋሚው ቡድን 209 ቅድመ ሁኔታዎች አስቀምጦ ይሁንታ ሰጠ፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ፈቀደ፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ነባር ሕዝቦችን በወጉ አላማከራችሁም ብሎ ፈቃዱን ሻረው፤ በዚያው ዓመት በኅዳር አዲሱ መንግሥት ዕቅዱን ጨርሶ ውድቅ አደረገ። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 እና 92 ሕዝብ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ወደ ቦቴው ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ስምምነት የተፈረመለት ከጅቡቲ አዋሽ የሚደርሰው 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ቢዘረጋ እንኳ፣ ከአዋሽ መጋዘን እስከ ደብረ ብርሃን ማደያ ነዳጁን የሚያደርሰው ያው ቦቴ ነው።