ከሦስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ጋር ለመሥራት የትኛው ሥልጠና ይሻላል?

«ልጆች በጣም እወዳለሁ፤ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በመንከባከብና በማስተማር ሥራ መሠማራት እፈልጋለሁ። አጭር የሰርተፍኬት ሥልጠና ይበቃኛል ወይስ ዲግሪ ልጀምር?» ብለው ለጠየቁን እህታችን፣ በዚህ ሙያ ለረጅም ጊዜ ከመሥራቴም በላይ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ሠልጣኞችን ስቀበል በመቆየቴ ያየሁትን ላካፍልዎት።

የምስክር ወረቀቱን ደረጃ ከመምረጥዎ በፊት፣ ከሥልጠናው ሰዓት ምን ያህሉ ከሦስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ጋር እንደሚያልፍ ይጠይቁ። የቅድመ ልጅነት ትምህርት ተብሎ የሚሰጠው ሥልጠና ብዙውን ጊዜ ከልደት እስከ 8 ዓመት ያለውን ዕድሜ የሚሸፍን ሲሆን፣ ትኩረቱ ግን ፊደልና ቁጥር ለመማር በደረሱት ላይ ያርፋል። በዚህ መንገድ የተመረቁ ሠልጣኞች የትምህርት ዕቅድ አሳምረው ያወጣሉ፤ እናቱ ትታው ስትሄድ የሚያለቅስ የ9 ወር ሕፃን ሲያጋጥማቸው ግን በአሻንጉሊት ሊያዘናጉት ይሞክራሉ። ጆን ቦውልቢና ሜሪ ኤይንስዎርዝ ስለ ሕፃናትና ተንከባካቢዎቻቸው ትስስር ያጠኑትን በሚገባ የተማረ ሰው፣ ለቅሶው ሕፃኑ የራሱን ሰው መለየቱን እንደሚያሳይ ስለሚያውቅ፣ አቅፎት ኀዘኑን በቃል እየነገረው አብሮት ይቆያል።

ሁለተኛው፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ፣ ሥልጠናው ዳይፐር መቀየርን፣ ማብላትንና ማስተኛትን እንደ ትምህርት ሰዓት ማየቱ ነው። ሃንጋሪያዊቷ የሕፃናት ሐኪም ኤሚ ፒክለር ከ1946 ጀምሮ በቡዳፔስት በመሩት የሕፃናት ማሳደጊያ ተንከባካቢዎችን ያሠለጠኑት በዚህ መንገድ ነበር። አንዲት ሠልጣኝ ከባልደረባዋ ጋር እያወራች የሕፃኑን ሁለት እግሮች ድንገት ስታነሣ፣ ሰውነቱ ግትር ሲልና ፊቱን ሲያዞር አይቻለሁ። ንጹሑን ዳይፐር አስቀድማ እንድታሳየው፣ «አሁን ላነሣህ ነው» ብላ ዓይኑን እያየች ጥቂት እንድትጠብቅ መከርኳት። ውሎ አድሮ ሕፃኑ ድምፅዋን ሲሰማ ወገቡን ራሱ ማንሣት ጀመረ። ቋንቋን፣ ቅደም ተከተልንና በሰው መተማመንን የተማረው በዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው አጠገብዎ ቆሞ እጅዎን እያየ ካላረመዎት ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም።

የጤናና የደኅንነቱ ክፍል ለድርድር አይቀርብም። ሕፃን በጀርባው እንደሚተኛ፣ አልጋው ላይ ትራስም ሆነ ለስላሳ ነገር እንደማይኖር፣ ከ12 ወር በፊት ማር እንደማይሰጥ ማወቅ አለብዎት። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጉሮሮው ላይ ነገር ተቀርቅሮ መተንፈስ ቢያቅተው፣ ሆዱ አይጫንም፤ 5 ጊዜ ጀርባውን በትከሻዎቹ መካከል መምታትና 5 ጊዜ ደረቱን መጫን እየተፈራረቁ ይደረጋሉ። ይህን በአሻንጉሊት ላይ ደጋግመው ያልተለማመዱበትን ሥልጠና እንደተሟላ አይቁጠሩት።

ምልከታ መጻፍም የሚናቅ አይደለም። «ዛሬ አስቸጋሪ ነበር» የሚል ማስታወሻ ለማንም አይጠቅምም፤ «ጓደኛው ኳሱን ሲወስድበት እጁን ዘረጋ፣ ወደ እኔ ተመለከተ፣ ከዚያ ነከሰው» የሚለው ግን ነገ መቼ ፈጥነው መድረስ እንዳለብዎት ይነግርዎታል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ከሕፃናት ጋር ሠርተው የማያውቁ ከሆነ በቂ ልምምድ ባለው ሰርተፍኬት ጀምረው፣ እየሠሩ ወደ ዲፕሎማና ዲግሪ ቢያልፉ ይሻላል። ለመመዘኛ ያህል፣ በአሜሪካ ሲዲኤ የሚባለው የሙያ ምስክር ወረቀት 120 ሰዓት ትምህርትና 480 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ለሕፃናትና ድክ ድክ ለሚሉ ልጆችም ራሱን የቻለ ዘርፍ አለው። ዲግሪው የሚያስፈልግዎት ማዕከል ለመምራት፣ ሌሎችን ለማሠልጠን ወይም የዕድገት መዘግየት ባለባቸው ልጆች ላይ በጥልቀት ለመሥራት ሲያስቡ ነው። ክፍያው በብዙ ቦታ ከድካሙ ጋር እንደማይመጣጠን ግን አስቀድመው ይወቁት፤ ፍቅር ብቻውን ይህን አያሸክምም፣ ጥሩ ሥልጠናና ጥሩ የሥራ ባልደረቦች ያስፈልጋሉ።

ከመመዝገብዎ በፊት ሠልጣኞች በሚለማመዱበት ማዕከል አንድ ጠዋት ተቀምጠው ለማየት ፈቃድ ይጠይቁ። አንድ ተንከባካቢ ስንት ሕፃናት እንደያዘች፣ ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ የሚመልስለት መኖሩን፣ የአንድ ሕፃን ምግብና እንቅልፍ በአንድ ቋሚ ሰው እጅ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ሰበብ እየደረደሩ ከከለከሉዎት፣ ገንዘብዎን ሳይከፍሉ ሌላ ተቋም ይፈልጉ።