መልስ፦ ለደጋ አጋዘን የምትመኙት ጠመንጃ የቱ ነው?

ወንድሜ፣ «ገንዘብ ባይቸግራችሁ ለባሌ የደጋ አጋዘን የትኛውን ጠመንጃ ትመርጡ ነበር? 300 ማግነም አይሻልም ወይ?» ላልከው፣ የኔ ምኞት በፈረንጆች ከ1964 በፊት የተሠራ ዊንቸስተር ሞዴል 70 ነው፤ ጥይቱ 30-06።

ማግነሙ ኃይለኛ ጥይት ነው፣ አይከፋም፤ ግን ሲተኮስ ትከሻ ይራገጣል። ርግጫ የፈራ ተኳሽ ደግሞ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። ትልቁ ወንድ አጋዘን 300 ኪሎ ቢደርስ ነው፤ ቦታውን ለመታ ሰው 180 ግሬን (12 ግራም ገደማ) የሚመዝን አረር ይበቃል።

ሞዴል 70ን የምወደው ለመቀርቀሪያው ነው። እንደ ጀርመኑ ጠመንጃ ማውዘር 98 ረጅም ጥፍር አለው፤ ጥይቱ ከካዝናው ብቅ ሲል ከቂጡ ያዝ ያደርገውና እስኪያጎርስ ድረስ አይለቀውም። ጠመንጃውን በጎን አጋድመህ ብታቀባብል እንኳ ጥይት አያንጠባጥብም። በ1964 ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ ይህን ጥፍር አስቀረው። በኋላ ቢመልሰውም፣ የአሮጌዎቹ ዋጋ እሳት የሆነው ለዚህ ነው።

ሰደፉ ላይ ሽማግሌዎቹ ይቆጡኛል እንጂ እንጨቱን አውጥቼ ፋይበርግላስ አስገጥምበታለሁ። ባሌ ጉምና ዝናብ ነው፤ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና በርሜሉን ይገፋል፣ ዒላማው ይዛባል። የማነጣጠሪያው መነጽር ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃል። አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) ውስጥ አጋዘኑ 50 ሜትር ላይ ድንገት ቢነሳብህ፣ ከፍተኛ ማጉያ ቀንድና ቅጠል አይለይልህም።

ደግሞ አደኑ የባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ አይደለም፤ እንደ ኦዶ ቡሉ ባሉ ቁጥጥር ባለባቸው የአደን ቀበሌዎች፣ በፈቃድ ነው። ጠመንጃ ከመግዛትህ በፊት የፈቃዱን ክፍያ ጠይቅ፤ ከጠመንጃው ይበልጣል።