ጥር 13፦ የኳስ ጥያቄዎቻችሁና የኔ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኳስ ናቸው። ደስ ብሎኛል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ 34 ዓመት ስፖርት ሳስተምር ከተማሪዎቼ ጋር ስለ ኳስ ያላወራሁበት ሳምንት አልነበረም። ሁሉንም ማስገባት ስላልቻልኩ ስድስቱን መርጫለሁ።

ጋሼ፣ ፍኖተ ሰላም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዲኤስ ቲቪ ቤት ውስጥ «ኢትዮጵያም እኮ የአፍሪካ ዋንጫ በልታለች» ብዬ ተናገርኩ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አንዱማ «ያኔ ማን ነበረና!» አለኝ። መልስ አጣሁ። በእርግጥ በልተናል? ወይስ ተፎካካሪ ሳይኖር ነው የበላነው?

በልተናል፣ ልጄ። ቀኑን ልንገርህና ያዘው፤ እሁድ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም። ቃና ዘገሊላ በዋለ ማግስት። ቦታው አዲስ አበባ፣ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም።

እኔ ያኔ የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ጨዋታውን ስታዲየም ገብቶ አይቷል። ከሳምንት በኋላ ዓባይን ተሻግሮ ቤት ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጀመረልን። ከእናታችን ሰፌድ ላይ ባቄላና አተር ዘገነ። ባቄላው የኛ፣ አተሩ የግብጽ። ኳሷ አንዲት ምስር ነበረች። ጨዋታውን በሙሉ በጣቱ እየገፋ አሳየን። እስከ ዛሬ ያንን ፍጻሜ ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ሰፌድ ነው።

ግብጽ በ35ኛው ደቂቃ አገባች። ባዳዊ የሚባል አጥቂ ነው ያገባው። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ተመራን። ከዚያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን። ወንድሜ እዚህ ላይ ሲደርስ ቆም ይል ነበር። ምክንያቱም ደስታው አንድ ደቂቃ ነው የቆየው። ባዳዊ ወዲያው ደገመ። ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገው። ተጨማሪ 30 ደቂቃ ተሰጠ። በ101ኛው ደቂቃ የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ አገባ። በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ ደመደመው። 4 ለ 2። ዋንጫውን ሉቻኖ ከንጉሡ እጅ ተቀበለ።

አሁን ወደ ጓደኛህ ጥያቄ። ማን ነበረ? በዚያ ውድድር የተሳተፉት አራት አገሮች ናቸው፦ እኛ፣ ግብጽ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አትደብቀው። ግን ግብጽ ያኔ ማን እንደነበረች ንገረው። ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የበላችው እሷ ናት። በ1949 ካርቱም ላይ በፍጻሜው 4 ለ 0 አሸንፋናለች፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። በ1951 ካይሮ ላይ እንደገና 4 ለ 0። ሁለት ጊዜ በአራት የቀጣችህን ቡድን በሦስተኛው አራት አግብተህ ስትመልስ፣ ያ ባዶ ሜዳ ላይ የተገኘ ዋንጫ አይባልም። ቱኒዚያንም ከዚያ በፊት በግማሽ ፍጻሜ 4 ለ 2 አሸንፈናል።

አርሴናልን መውደድህን አልቃወምም። እኔም ቅዳሜ ማታ ከናንተው ጋር አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ግን የለንደን ቡድን ተቀያሪ ተጫዋቾችን ስም እስከ መጨረሻው የሚቆጥር ልጅ የግርማ ተክሌን ስም አለማወቁ ያመኛል። በሚቀጥለው ሲስቁብህ ሰፌድ ፈልግ። ባቄላና አተር በቂ ነው።

የታሪክ መምህር ነኝ፣ ከቢቸና። በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ለፍጻሜ ደረሰች የሚል አነበብኩ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መምህር፣ ትክክል አንብበዋል። ምክንያቱ ግን አንገት የሚያስደፋ አይደለም።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ የምንለው፣ በየካቲት 1949 ካርቱም ላይ ሲመሠረት መሥራቾቹ አራት ነበሩ፦ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው ዋንጫም እዚያው፣ በዚያው ወር ተደረገ። ለኛ የደረሰን ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነው። ደቡብ አፍሪካ ያኔ በአፓርታይድ ሥር ነች። ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም አለች። ሌሎቹ «እንግዲያው አትጫወቺም» አሏት። እኛም ሳንጫወት ለፍጻሜ አለፍን።

ይህን ለተማሪዎችዎ ሲያስተምሩ አንድ ነገር ይበሉልኝ። አብዛኛው አፍሪካ በዚያ ዓመት ገና ቅኝ ግዛት ነበር። ዓለም ስለ አፓርታይድ ብዙም አይናገርም ነበር። ፊፋ እንኳ ደቡብ አፍሪካን ያገደው ከዚያ በኋላ በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ሦስት አገሮች ግን አንድ የኳስ ውድድር ለመጀመር ተቀምጠው አራተኛዋን አስወጡ። ውድድሩ በሦስት ቡድን ቀርቶ እንኳ አልተመለሱም።

ከኛ በኩል እዚያ የነበረው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። በ1954 ዋንጫውን ስንበላ አሠልጣኛችን ነው። ከ1964 እስካረፈበት 1979 ዓ.ም ድረስ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበር። ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን ሳትተው ወደ ፊፋ እንዳትመለስ ዕድሜውን በሙሉ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫም ፊፋ ለአፍሪካና ለእስያ በአንድነት አንድ ቦታ ብቻ ሲሰጥ፣ እሱና የጋናው ኦሄኔ ጃን «አንሄድም» ካሉት ፊት ነበሩ። አፍሪካ በሙሉ ቀረች። እ.ኤ.አ. ለ1970ው አንድ ሙሉ ቦታ ተሰጣትና ሞሮኮ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2022 ሞሮኮ ለግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ እኔ ያየሁት ያንን «አንሄድም» ነው።

የደቡብ አፍሪካ ሰዎችም ዝም ብለው አልጠበቁም። በሮበን ደሴት የታሰሩ የፖለቲካ እስረኞች ኳስ እንዲፈቀድላቸው ደጋግመው ጠየቁ። ሲፈቀድላቸው ማካና የሚባል ማኅበር መሥርተው በፊፋ ሕግ የራሳቸውን ሊግ አካሄዱ። ዳኛ አላቸው፣ የጽሑፍ አቤቱታ አላቸው፣ ሁሉ ነገር በሥርዓት። ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ።

አገሪቱ ነፃ ወጥታ በ1988 ዋንጫውን አዘጋጀች፣ በላችም። ማንዴላ የቡድኑን ማሊያ ለብሰው ሜዳ ገቡ። እኛ ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በ2005 ነው፤ የት? እዚያው ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያ ጨዋታችን ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። በረኛችን ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አይቶ ወጣ። በ10 ሰው ቀረን። አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። የኛ ሰው ስታዲየሙን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አድርጎት ነበር። ቀኑን ያውቁታል መምህር? ጥር 13። ልክ በ51ኛው ዓመት። እዚህ ደብረ ማርቆስ አብሮኝ ያይ ለነበረ ሰው ሁሉ ስናገር፣ በጩኸቱ መሃል የሰማኝ የለም።

ባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ ነኝ። ዋልያዎቹ ድሮ እኛ ጋ ይጫወቱ ነበር። አሁን ለምን ውጭ አገር ሄደው «ሜዳችን» ይላሉ?

ወንድሜ፣ ቁስሌን ነካኸው። ካፍ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚጠይቀው መስፈርት አለ፤ ሣሩ፣ መልበሻ ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ መብራቱ። ስታዲየማችን ያንን አላሟላም ተባለ። መስከረም 29 ቀን 2014 እዚያው ባሕር ዳር በደቡብ አፍሪካ ቡድን 3 ለ 1 ተሸነፍን። ቀጥሎ ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው።

እኔ ኅዳር 9 ቀን 2012 ባሕር ዳር ስታዲየም ነበርኩ። ማክሰኞ ነው። ከደብረ ማርቆስ ሌሊት በሚኒባስ ተነስተን ቡሬ ላይ ቁርስ በልተን ደረስን። አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ከጎኔ የማላውቃቸው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው እያውለበለቡ እስክስታ ወረዱ። በ2013 መጋቢት ደግሞ ማዳጋስካርን እዚያው 4 ለ 0። ያ ሁሉ ሰው ከየወረዳው መጥቶ ነበር። የጣና ሞገዶቹ፣ የባሕር ዳር ከተማ ክለብ፣ እንኳ የታንዛኒያውን አዛምን በፍፁም ቅጣት ምት ጥለው ሲያልፉ በሜዳቸው አልተጫወቱም። ስታዲየሙ ተስተካክሎ እንዲከፈት የሚሠሩትን ሁሉ እግዜር ይርዳቸው። እኔም ዕድሜ ከሰጠኝ ያንን መንገድ ደግሜ እሄደዋለሁ።

ከሞጣ፦ አያቴ «ኳስ ፈረንጅ ያመጣው ሳይሆን የገና ጨዋታ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው?

እግር ኳስ በሕጉ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ገና ደግሞ የራሳችን ነው፤ በእግር ሳይሆን በቆልማማ ዱላ ሩሯን እየመቱ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ግን አያትህ የሚሉት ሌላ ይመስለኛል። ሜዳ ላይ ለሁለት ተከፍሎ መፎካከር፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብሎ ለአንድ ቀን ትልቅና ትንሹን እኩል ማድረግ፣ ይሄ ኳስ ከመምጣቱ በፊት ነበረን። አያትህን አትሟገት። ሩር እንዴት እንደሚሠራ ጠይቅና ጻፍልኝ።

ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኳስ እወዳለሁ። ወንድሞቼ «ሴት ልጅ ሜዳ ምን አላት» ይሉኛል። እናቴም ትፈራለች። ምን ላድርግ?

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መጀመሪያ ለወንድሞችሽ። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ሉሲዎቹ፣ በ1997 መስከረም ላይ በአፍሪካ ውድድር አራተኛ ወጥተዋል። ወንዶቹ በ1996ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ላይ አልነበሩም። ሎዛ አበራን ይወቋት። ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታ ጎል በጎል አድርጋቸው ነው የተመለሰችው።

ለእናትሽ ግን በዚህ አትመልሺላት። የእናት ፍርሃት በቁጥር አይጠፋም። የምትፈራው መንገዱን፣ ምሽቱን፣ ሰዎች የሚሉትን ነው። ልክ ነች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ይዘሻት ሂጂ። ትቀመጥ፣ ትይሽ። ማን እንደሚያሠለጥንሽ፣ ስንት ሰዓት እንደምታልቂ፣ ከማን ጋር እንደምትመለሺ በዓይኗ ታረጋግጥ። በአስተማሪነቴ ዘመን በጣም ፈጣን የሆነች ልጅ ነበረችኝ። እናቷ ከለከሏት፤ እኔም ቤታቸው ሄጄ ላናግራቸው ሲገባኝ አልሄድኩም። ልጅቷ ተወች። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ አሠልጣኝሽን ቤት ድረስ እንዲመጣና እናትሽን እንዲያናግር ለምኚው። እምቢ ካለ በዚሁ አድራሻ ጻፊልኝ፤ ከእናትሽ ጋር ቡና የምጠጣው እኔ እሆናለሁ።

ከደጀን፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የፕላስቲክ ኳስ በሳምንት ይፈነዳል። እኛ ልጅ ሆነን የምንሠራት የጨርቅ ኳስ እንዴት ነበር የምትሠራው? እጄ ረሳው።

እጅዎ አይረሳም፤ ሲጀምሩ ይመጣልዎታል። አንድ አሮጌ ረጅም ካልሲ ይፈልጉ። ለእምብርቷ ፌስታል ጨምድደው እንደ ሎሚ ያድርጉ። ፌስታሉ ነው ቀለል የሚያደርጋት፤ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ዝናብ ሲነካት ድንጋይ ትሆናለች። በላዩ ላይ ቀጫጭን የተቀደደ ጨርቅ ይጠቅልሉ። አንዱን ወደ ጎን፣ ቀጣዩን ወደ ላይ፣ እያቆላለፉ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከጠቀለሉት እንደ ዱባ ሞላላ ትሆናለች እንጂ አትከብም። ሁለት ጭብጥ ስታህል ካልሲው ውስጥ ይክተቱ፣ አፉን ጠምዝዘው መልሰው ይገልብጡ፣ አሁንም ጠምዝዘው ይገልብጡ። መጨረሻውን በመርፌ ይስፉት። ከዚያ በቃጫ መረብ አድርገው ይሰሩት። መረቡ ጠበቅ ይበል፤ ጣትዎ ከሥሩ መግባት የለበትም።

ለልጆቹ ከመስጠትዎ በፊት ከደረትዎ ከፍታ ይልቀቋት። ትንሽ ነጥራ ከተንከባለለች ደርሳለች። ዱብ ብላ ከቀረች ይፍቱና ፌስታል ይጨምሩ።