ጤና አዳሙ ከቲማቲሙ በፊት እጅዎን አገኘው

ጥያቄ፦ «በመስኖ የተከልኩት ቲማቲም ቅጠሉ ከታች እየደረቀ ወደ ላይ ይወጣል። ጤና አዳምና እርድ ፀሐይ ሲያገኛቸው ፈንገስ ይገድላሉ ብለውኝ ጨምቄ ረጨሁ። ለውጥ የለም። እጄም ውሃ ቋጠረ። ምን ልርጭ?» (ከመቂ አካባቢ)

መልስ፦ ከእጅዎ ልጀምር። ያቆሰለዎት የጤና አዳሙ ጭማቂ ይመስለኛል። ውስጡ ሶራሌን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጨለማ ውስጥ እምብዛም አይጎዱም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ግን ይነቁና ሴሉን ይገድላሉ። የፈንገስ ይሁን የሰው ቆዳ አይመርጡም። ቁስሉ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ስለሆነ ሰው ከጭማቂው ጋር አያያይዘውም። እጅዎን ከፀሐይ ይሸፍኑ፤ የቋጠረውን አያፍርጡት። ሰፊ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይታዩ። ሲድን ጥቁር ምልክት ቢተው አይደንግጡ፤ ቀስ እያለ ይለቃል። ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ቅጠል ሌላ፣ ባልዲ ሙሉ ጭማቂ ሌላ።

እንግዲህ መካሪዎ ጨርሶ አልዋሹም። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚንም ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኝ ፈንገስ ይገድላል። ግን ተመራማሪዎች የሚሠሩት በአልኮል አሟሙተው፣ በተለካ መብራት ነው። በውሃ ሲበጠበጥ መርጫው ሥር ይዘቅጣል፣ አፍንጫውንም ይደፍናል። ፀሐዩም ራሱን ኩርኩሚኑን ያበላሸዋል። ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ፈንገስማ አይደርስበትም።

ወደ ቲማቲሙ እንምጣ። ደረቁን ቦታ ጠጋ ብለው ይዩት። እንደተቆረጠ ግንድ ቀለበት በቀለበት ከሆነ (እኔ እንደዚያ ነው ብዬ ገምቻለሁ) አልተርናሪያ የሚባለው ፈንገስ ነው። ባለፈው ዓመት የሰብል ቅሪት ላይ አፈር ውስጥ ይከርማል። ውሃ ሲፈናጠር ከአፈሩ ጋር ዘሎ ታችኛው ቅጠል ላይ ይለጠፋል። ከታች የጀመረብዎትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምንም አይርጩ፤ መጀመሪያ አፈሩን ያልብሱት። ጤዛው ከደረቀ በኋላ መሬት የነካውንና የታመመውን ቅጠል እስከ አንድ ክንድ ከፍታ ድረስ ይልቀሙ። የቀረውን በእንጨት ደግፈው በገመድ ያንሱት። ከዚያ ደረቅ ሣር ወይም የስንዴ ጭድ ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ይጎዝጉዙ። የጤፍ ጭድዎንማ ለከብቶቹ ይተዉላቸው። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ አንድ መዳፍ ያርቁት፤ አለበለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል። ምስጥ ካለብዎት ሳሳ ያድርጉት። ጉዝጓዙ የውሃውን ፍንጥርጣሪ ያስቀራል፤ እርጥበትም ይይዝልዎታል፣ የመስኖ ተራዎ ቢዘገይ እንኳ ተክሉ ቶሎ አይጠወልግም።

አንድ ነገር ግን ልቆጣ። የለቀማችሁትን ቅጠል እዚያው ቦይ ውስጥ ስትጥሉ በየማሳው አያለሁ። ፈንገሱን በውሃ ጭናችሁ ለጎረቤት መላክ እኮ ነው! ከማሳው አውጥተው ያቃጥሉት ወይም ጠለቅ አድርገው ይቅበሩት። ውሃም ጠዋት በቦይ እንጂ በባልዲ ከላይ አይፍሰስ።

የታመመው ቅጠል አይድንም፤ እሱን አይጠብቁ። የሚያዩት አዲሱን ነው። ከአሥር ቀን በኋላ እሱም ቀለበት ካወጣ ሁለት ሦስት ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው ለቀበሌዎ የልማት ሠራተኛ ያሳዩ። በላስቲክ አይሁን፤ ሻግቶ ይደርስና በሽታውን መለየት ያስቸግራል።