ለሕግ ትምህርት ቤት በፌብሩዋሪ ላመልክት ወይስ ልቆይ?

ውድ ጠያቂ፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹት በአሜሪካ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነዎት። አማካይ ውጤትዎ 3.4 ሲሆን ኤልሳት በሚባለው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ልምምድ 156 አግኝተዋል፤ ዋናውን ፈተና በጃንዋሪ ወስደው በፌብሩዋሪ ለአሥር ስመ ጥር የሕግ ትምህርት ቤቶች ለማመልከት አስበዋል። የባዮሎጂ ዲግሪ ይጎዳዎት እንደሆነ፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያገኟቸው ዝቅተኛ ውጤቶች ይቆጠሩብዎት እንደሆነ፣ እንዲሁም በአንደኛ ዓመት የመኝታ ክፍል ደንብ በመጣስዎ የተሰጠዎትን ማስጠንቀቂያ መግለጽ ይኖርብዎት እንደሆነም ጠይቀዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ አጭር መልስ አለው፤ አይጎዳዎትም። ለሕግ ትምህርት የሚያበቃ የተወሰነ የዲግሪ ዓይነት የለም፤ ስለዚህ በአራተኛ ዓመት ላይ ወደ ፖለቲካ ሳይንስ ለመዛወር ማሰቡን ቢተዉት ይሻላል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ነገር ግን ሌላ ነው። ትራንስክሪፕቶችን ሰብስቦ ለትምህርት ቤቶች የሚልከው ኤልሳክ የተባለው ድርጅት የመጀመሪያ ዲግሪዎን ከመያዝዎ በፊት በየትኛውም ኮሌጅ የወሰዷቸውን ኮርሶች ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ አማካይ ውጤትዎን እንደ አዲስ ያሰላል። አንድን ኮርስ ደግመው ወስደው ዩኒቨርሲቲዎ የቀድሞውን ውጤት ከስሌት ቢያወጣውም፣ ሁለቱም በትራንስክሪፕቱ ላይ ከሰፈሩ ኤልሳክ ሁለቱንም ይቆጥራል። ስለዚህ 3.4 የሚለው ቁጥር ትምህርት ቤቶቹ የሚያዩት ቁጥር ላይሆን እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁት። ዝቅተኛው ውጤት በሕመም ወይም በሥራ ጫና የመጣ ከሆነ በግማሽ ገጽ የሚያስረዳ ተጨማሪ ማብራሪያ ማያያዝ ይፈቀዳል፤ ምክንያት ከሌለው ግን ዝም ማለት ምክንያት ከመፍጠር ይሻላል።

በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እርስዎ በጥያቄ መልክ ያላቀረቡት ጉዳይ፣ ማለትም ጊዜው ነው። አብዛኞቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ መቀበል የሚጀምሩት በሴፕቴምበር አካባቢ ሲሆን፣ የመጨረሻውን ቀን ሳይጠብቁ እንደ ደረሰ እየመረመሩ ወንበርም ስኮላርሺፕም ማደል ይጀምራሉ። በፌብሩዋሪ የሚያመለክት ሰው በደንቡ መሠረት አልዘገየም፤ ሆኖም የሚወዳደረው በተረፈው ወንበርና በተረፈው ገንዘብ ላይ ነው። በዚያ ላይ የኤልሳት ውጤት ከ120 እስከ 180 ባለው መለኪያ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ እንደ ሃርቫርድና ዬል ባሉት ትምህርት ቤቶች የአዲስ ገቢ ተማሪዎች መካከለኛ ውጤት ከ170 በላይ ነው። ስለዚህ በ156 ወደ እነዚህ በሮች በፌብሩዋሪ መሄድ የማመልከቻ ክፍያ ከማባከን ብዙም አይለይም፤ ይህን በግልጽ መናገሬን እንደ ተስፋ ማስቆረጥ እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ምክሬ አንድ ዓመት እንዲቆዩ ነው። በጃንዋሪ የሚያደርጉትን ሩጫ ይተዉና ፈተናውን በኤፕሪል ወይም በጁን ይውሰዱ፤ ውጤቱ ካላረካዎ በኦገስት ይድገሙት፤ ማመልከቻዎን በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ያስገቡ። ፈተናው ከኦገስት 2024 ጀምሮ የሎጂክ ጨዋታዎች የሚባለውን ክፍል አስወግዷል፤ አሁን ውጤት የሚያዝባቸው ክፍሎች ሁለት የክርክር ምዘናና አንድ የንባብ ግንዛቤ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ ይወስዳሉ። ስለዚህ ከቀድሞ ተፈታኞች የወረሱት አሮጌ መጽሐፍ ካለ ይህን አይተው ይጠቀሙበት፤ የተወሰኑ ይፋ የልምምድ ፈተናዎችን ሎውሃብ በተባለው የኤልሳክ መድረክ በነፃ ያገኛሉ። ፈተናውን መድገም ነውር የለበትም፤ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ውጤቶች ቢያዩም በይፋ የሚያሳውቁት ከፍተኛውን ነው። ይሁን እንጂ በሕይወት ዘመን ከ7 ጊዜ በላይ መፈተን ስለማይቻል፣ ሳይዘጋጁ "ለሙከራ" መቀመጥ ዕድልን በከንቱ ማባከን ነው።

የመቆየቱ ትልቁ ጥቅም በገንዘቡ ላይ ይታያል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሆኑ የሕግ ተማሪዎች ቀድሞ ወጪን በሙሉ ይሸፍን የነበረውን የፌዴራል ግራድ ፕላስ ብድር አያገኙም፤ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችሉት በዓመት እስከ 50,000 ዶላር፣ በድምሩም እስከ 200,000 ዶላር ብቻ ነው። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የትምህርቱና የኑሮው ወጪ በዓመት ከዚህ ይበልጣል፤ ጉድለቱም የሚሞላው በስኮላርሺፕ ወይም ወለዱ በሚከብድ የግል ብድር ነው። ስኮላርሺፕ ደግሞ በአብዛኛው ውጤትን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከአንድ ትምህርት ቤት መካከለኛ ውጤት በላይ ያለው አመልካች የዚያን ትምህርት ቤት አሐዝ ከፍ ስለሚያደርግ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከፍሎ ሊያመጣው ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ስኮላርሺፑን የሚሰጡት በመጀመሪያው ዓመት የተወሰነ አማካይ ውጤት ለማምጣት በሚያስገድድ ሁኔታ ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ውጤት የሚሰጠው ተማሪዎችን እርስ በርስ በማወዳደር ስለሆነ፣ ሁሉም ጠንክሮ ቢያጠና እንኳ የተወሰኑት የግድ ከመስመሩ በታች ይወድቃሉ። በአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ዕውቅና ያለው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ ስኮላርሺፑን እንደተነጠቀ ወይም እንደተቀነሰበት "ስታንዳርድ 509" በተባለው ዓመታዊ ሪፖርቱ ለማሳወቅ ይገደዳል። ከመፈረምዎ በፊት ያንን ገጽ ያንብቡ።

ስለ ማስጠንቀቂያው እንዲህ ያድርጉ። ማመልከቻው የሚጠይቀውን ቃል በቃል ያንብቡ፤ ጥያቄው የዲሲፕሊን እርምጃን የሚያካትት ከሆነ ምን እንደተፈጸመ፣ መቼና እንዴት እንደተዘጋ በአራትና አምስት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። የደንብ ጥሰቱ ራሱ ማንንም አያስደነግጥም። ጉዳት የሚያመጣው፣ ተመርቀው የጥብቅና ፈቃድ ሲጠይቁ የሥነ ምግባር መርማሪዎች የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻዎን አውጥተው ከፈቃድ ማመልከቻዎ ጋር ሲያመሳክሩ የተደበቀ ነገር ማግኘታቸው ነው።

ከማመልከቻው ጋር በሚያያዘው ስለ ራስዎ በሚጽፉት የግል መግለጫ እናትዎን በኢሚግሬሽን ጽሕፈት ቤቶች ሲያስተረጉሙላቸው ስላደጉበት ሁኔታ ለመጻፍ ማሰብዎን ወድጄዋለሁ። ሆኖም የላኩልኝ ረቂቅ ከሁለት ገጾች ውስጥ አንድ ተኩሉን ለእናትዎ ሰጥቷል፤ ቅበላ ኮሚቴው ግን የሚመዝነው እርስዎን ነው። አንድ ቃል በስህተት ተርጉመው ፋይሉ ሊመለስ የደረሰበትን ዕለት በሁለት መስመር ብቻ አልፈውታል። ጽሑፉ ከዚያ ቢጀምርና በዚያች ቅጽበት እርስዎ ያሰቡትንና ያደረጉትን ቢያሳይ እመርጣለሁ።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ ያድርጉ። በኤልሳክ መዝገብ ከፍተው የሁለቱንም ኮሌጆች ትራንስክሪፕት ያስልኩ፤ እንዲሁም የጽሑፍ ሥራዎን በቅርብ የሚያውቁትን መምህር፣ ከመመረቅዎ በፊት፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልዎ እንደሆነ ሄደው በአካል ይጠይቁ።