የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፓንተር ታንክ ጥንካሬና የማርሹ ጣጣ

በዚህ እትም ከጅማ የደረሱንን አራት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። አራቱም የሚያነሱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ስለሠራችው ፓንተር ስለተባለው መካከለኛ ታንክ ነው። ካላመለከትን በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጅማ መርካቶ አካባቢ በከባድ መኪና ጥገና ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ፓንተር በጠላት ጥይት ከመመታቱ በፊት በራሱ ብልሽት መንገድ ላይ ይቀር እንደነበር አንብቤአለሁ። በማሽን ሥራ ስሟ የገነነ ሀገር እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሠራች? የሚበላሸውስ በትክክል ምኑ ነበር?

መልስ፦ ዋናው ሕመም ያለው እርስዎ በየዕለቱ በሚያውቁት ቦታ፣ ከካምቢዮው ቀጥሎ ባለው ማርሽ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ታንኩ ለምን እንደተሠራና ክብደቱ ከየት እንደመጣ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጀርመን ሶቭየት ኅብረትን የወረረችው በሰኔ ወር 1933 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ማለትም ጅማ ከጣሊያን እጅ በወጣችበት በዚያው ወር ነበር። ወራሪው ጦር ወደ ምሥራቅ ሲገፋ ቲ-34 የተባለውን የሶቭየት ታንክ አገኘ፤ የዚህ ታንክ የብረት ሽፋን ተዳፋት ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ጥይት ያንሸራትታል፣ ሰፊ ሰንሰለቱ በጭቃና በበረዶ ላይ ያስኬደዋል፣ 76 ሚሊ ሜትር መድፉም በዚያን ጊዜ የነበሩትን የጀርመን ታንኮች ያለ ችግር ይበሳ ነበር። በኅዳር 1941 ገደማ የባለሙያዎች ቡድን ጄኔራል ጉደሪያን ወደሚያዘው ግንባር ተልኮ የተማረኩትንና የወደሙትን ታንኮች መረመረ፤ ከዚያ በኋላ ዳይምለር ቤንዝ እና ማን የተባሉት ፋብሪካዎች ባለ 30 ቶን አዲስ ታንክ እንዲነድፉ ታዘዙ። የዳይምለር ንድፍ ቲ-34ን እጅግ የሚመስልና በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ነበር። በግንቦት 1942 የተመረጠው ግን «ማን» የተባለው ፋብሪካ ያቀረበው ንድፍ ሆነ።

የማርሹ ጣጣ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሂትለር የፊት ሽፋኑ ውፍረት ከ60 ወደ 80 ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲል አዘዘ፤ ሞተሩም በትልቁ ማይባክ ኤች ኤል 230፣ ባለ 12 ሲሊንደርና 700 የፈረስ ጉልበት ባለው የቤንዚን ሞተር ተተካ። ታንኩ 30 ቶን እንዲመዝን ቢታሰብም ሲያልቅ ከ43 እስከ 45 ቶን ደረሰ። ኃይልን ከካምቢዮ ተቀብሎ ሰንሰለቱን ወደሚጎትተው ባለ ጥርስ ጎማ የሚያስተላልፈው የመጨረሻው የማርሽ ክፍል ግን ከክብደቱ ጋር አብሮ አላደገም።

ይህን ክፍል እንደ ፕላኔታሪ (ትናንሽ ማርሾች በመካከለኛው ማርሽ ዙሪያ የሚዞሩበት አሠራር) አድርጎ መሥራት ይቻል ነበር፤ መሐንዲሶቹም ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ለፕላኔታሪ የሚያስፈልገውን የውስጥ ጥርስ ያለውን ቀለበት የሚቆርጡት የፋብሪካ ማሽኖች በጦርነቱ ምክንያት እጅግ የተወሰኑ ስለነበሩ፣ ብዙ ታንክ በፍጥነት ለማውጣት ሲባል ጥርሳቸው ቀጥ ብሎ በተቆረጠ ተራ ማርሾች ተተካ። ጫናው በጥቂት ጥርሶች ላይ ስለሚያርፍ፣ ጥሩ ቅይጥ ብረትም እያነሰ ስለሄደ ጥርሶቹ ይረግፉ፣ ማርሽ ቤቱም ይሰነጠቅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተማረኩ ፓንተሮችን ያሰማራው የፈረንሳይ ጦር በ1947 ባዘጋጀው ዘገባ የዚህ ክፍል አማካይ ዕድሜ 150 ኪሎ ሜትር መሆኑን ጽፏል። ከጅማ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ የጭነት መኪና ግማሽ መንገድ ሳይሞላ ዲፈረንሻሉን ቢበላ ባለቤቱ ምን እንደሚል እርስዎ ያውቁታል።

የመሪው አሠራር ደግሞ ጫናውን አባብሶታል። በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ ታንኩ የሚታጠፍበት አንድ ቋሚ የጥምዝ ስፋት ብቻ ስለነበረው፣ ልምድ የሌለው ነጂ ከዚያ ጠበብ አድርጎ ለመታጠፍ ፍሬን ሲይዝ ጉዳቱ በቀጥታ በዚሁ ደካማ ማርሽ ላይ ይወድቃል። ካምቢዮው ከነጂው አጠገብ ከፊት የተቀመጠ በመሆኑም እርሱን ለማውጣት የነጂውን ክፍል በሙሉ ፈትቶ፣ መሪና ፔዳል አንሥቶ፣ ከላይ በክሬን መጎተት ግድ ነበር። በአሜሪካው ሸርማን ግን ይህ ክፍል ከፊት በቡሎን የታሠረ ስለሆነ ቡሎኑ ተፈትቶ ወደ ፊት ይወጣል። በእኛ ግምት ከመድፍና ከብረት ውፍረት ቀጥሎ የሁለቱን ሀገሮች አስተሳሰብ ከሚለዩት ነገሮች ዋናው ይህ ነው፤ አንደኛው ታንኩን የነደፈው በጦር ሜዳ የሚጠግነውን ሰው አስቦ ነው።

የእግሩ አሠራርም ለመካኒክ የሚመች አልነበረም። በእያንዳንዱ ጎን አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ ስምንት ትላልቅ ጎማዎች ሲኖሩት በድርብ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ በሚሠራ የብረት ዘንግ) ላይ የተተከሉ ስለሆኑ ታንኩ በወጣ ገባ መሬት ላይ ሳይናጥ እንዲሄድ አስችለውታል። የውስጠኛው ጎማ ሲጎዳ ግን በፊቱ ያሉት ሁሉ መውለቅ አለባቸው፤ በሩሲያ ክረምት ደግሞ በጎማዎቹ መካከል የገባው ጭቃ ሌሊት ሲረጋ ታንኩን ከቆመበት ያስቀረዋል።

ይህ ሁሉ ድክመት በአንድ ላይ የታየው ጀርመኖች በሶቭየት ምድር ኩርስክ ላይ በከፈቱት ጥቃት ነው። የሙከራው ታንክ በ1942 መገባደጃ ላይ ወጥቶ ገና በደንብ ሳይፈተን፣ በጥር 1943 በብዛት ማምረት ተጀመረ። ሂትለር ጥቃቱን ካዘገየባቸው ምክንያቶች አንዱ እነዚህን ታንኮች መጠበቅ ነበር። ጁላይ 5 ቀን 1943 ሲጀመር 200 ፓንተሮች በአንድ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው ነበር፤ ከባቡር ከወረዱ በኋላ ወደ ግንባር ሲጓዙ ከመካከላቸው ሁለቱ በነዳጅ መፍሰስ ተቃጥለዋል። የሞተሩ ክፍል ታንኩ ጥልቅ ውኃ እንዲሻገር ታስቦ የታሸገ በመሆኑ ሙቀትና የቤንዚን ትነት መውጫ አልነበራቸውም። ከዚያም ፈንጂ በተቀበረበት ረግረግ ላይ ተጠምደው ብዙዎቹ ቆሙ። በስድስተኛው ቀን ጁላይ 10 ማታ ግንባር ላይ ለውጊያ የተዘጋጁት ፓንተሮች ወደ 10 ብቻ ነበሩ፤ በጠላት ጨርሰው የወደሙት ግን ከ200ው ጥቂቱ ናቸው፤ የቀሩት ጥገና የሚጠብቁ ነበሩ። በነሐሴ ሶቭየቶች መልሰው ሲያጠቁ በጥገና ቦታ የቆሙት ፓንተሮች ብዙዎቹ ወይ በገዛ ባለቤቶቻቸው ተፈነዱ ወይ ተማረኩ። 45 ቶን የሚመዝን የቆመ ብረት ለመጎተት ከአንድ በላይ ከባድ ጎታች ያስፈልግ ስለነበር፣ ለሚያፈገፍግ ጦር ትንሿ ብልሽት ራሷ ታንክ ማጣት ማለት ሆነች።

ከኩርስክ በኋላ ብዙ ተሻሽሏል። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ የሞተሩ ዙር ተገድቦ ጉልበቱ ወደ 600 የፈረስ ጉልበት ዝቅ ሲል ዕድሜው ረዘመ፤ የነዳጅና የሙቀት ችግሮችም ተቀነሱ። የመጨረሻው ማርሽ ግን እስከ 1945 ድረስ ያው ነበር።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። 45 ቶን የሚመዝን ታንክ «መካከለኛ» የሚባለው በምን መለኪያ ነው?

መልስ፦ በጀርመኖች ምደባ ወሳኙ ክብደቱ ሳይሆን የሚሰማራበት ሥራ ነበር፤ ፓንተር የታቀደው የታንክ ክፍለ ጦሮች ዋና መሣሪያ ሆኖ ነባሩን ፓንዘር 4 ታንክ ቀስ በቀስ እንዲተካ ነው፤ ታይገር የተባለው ከባድ ታንክ ግን ለተለዩ ከባድ ሻለቆች የተመደበ ነበር። ክብደት ቢታይማ ሶቭየቶች «ከባድ» ያሉት አይኤስ-2 ወደ 46 ቶን፣ «መካከለኛ» የተባለው ሸርማን ደግሞ ከ30 እስከ 33 ቶን ገደማ ይመዝናል። ስለ ስያሜ ካነሣን አይቀር፣ የፓንተር ዓይነቶች የወጡት በፊደል ተራ አይደለም፤ መጀመሪያ ዲ፣ ቀጥሎ ኤ፣ በመጨረሻ ጂ ነው የተሠሩት።

ጥያቄ፦ የታሪክ ተማሪ ነኝ። ጓደኛዬ «አንድ ፓንተር ለማጥፋት አምስት ሸርማን ይሠዋ ነበር» ብሎ ይከራከረኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ የሚጠቅሱት አኃዝ በሰፊው የሚነገር ቢሆንም ከውጊያ መዛግብት የተገኘ አይደለም። አንዱ ሊሆን የሚችል ምንጭ «መቶ» የሚባለው ትንሽ የአሜሪካ የታንክ ክፍል የሚይዘው አምስት ታንኮች መሆኑ ነው፤ አንድ ፓንተር ታየ ሲባል የሚላኩት አምስቱም ናቸው።

ፊት ለፊት ቢገናኙ ፓንተር እጅግ አደገኛ እንደነበር አያከራክርም። 75 ሚሊ ሜትር መድፉ የአፈሙዙ ርዝመት ከአምስት ሜትር የሚበልጥ ሲሆን ጥይቱን በሰከንድ ከ900 ሜትር በላይ ያስወነጭፋል፤ የሸርማን 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ጥይቱን የሚያስወነጭፈው ወደ 620 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነበር። ብረት በመብሳት የፓንተር መድፍ የታይገርን ታዋቂ 88 ሚሊ ሜትር መድፍ እንኳ ይበልጥ ነበር። ተዳፋት ሆኖ የተሠራው 80 ሚሊ ሜትር የፊት ሽፋንም ለአብዛኛው የጠላት ጥይት የሚበገር አልነበረም።

ጎኑ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች የጎን ሽፋኑ 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለነበረ የተለመደው የሸርማን መድፍ በተለመደው የውጊያ ርቀት ይበሳዋል። በተጨማሪም ተኳሹ የሚያየው ጠባብ በሆነው የመድፍ መነጽር ብቻ ስለነበረ፣ አዛዡ ያሳየውን ዒላማ ለማግኘት ሌሎች ታንኮች ከሚፈልጉት የረዘመ ጊዜ ይወስድበት ነበር። ስለዚህ ቀድሞ ያየና ቀድሞ የተኮሰ ያሸንፋል። ይህ አገራችንም የምታውቀው እውነት ነው፤ በታኅሣሥ 1935 የራስ እምሩ ጦር በደምበጉና የጣሊያንን ትናንሽ ታንኮች ያጠፋቸው መትረየሳቸው ወደ ኋላ እንደማይዞር ተረድቶ ከጎንና ከኋላ በመዝለል ነው። እነዚያ ሦስት ቶን የሚሆኑ ታንኮች ከፓንተር ጋር በጉልበት የሚወዳደሩ አይደሉም፤ የሚታየው ግን ያው የጎንና የኋላ ጉዳይ ነው።

ለክርክራችሁ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በመስከረም 1944 በፈረንሳይ፣ በሎሬን አውራጃ የተካሄደው የአራኩር ውጊያ ነው። ጀርመኖች በዚያው ዓመት የተቋቋሙትን 111ኛና 113ኛ የታንክ ብርጌዶች አዲስ ፓንተር አስታጥቀው በአሜሪካ 4ኛ የታንክ ክፍለ ጦር ላይ አዘመቱ። ሠራተኞቹ በቂ ሥልጠና አልነበራቸውም፤ ብርጌዶቹም መንገድ የሚያስሱላቸው ኃይሎች ይጎድሏቸው ነበር። ሴፕቴምበር 19 ንጋት ላይ ወፍራም ጭጋግ ስለነበረ የፓንተር ረጅም ርቀት መድፍ ጥቅሙ ጠፋ፤ ሸርማኖቹና ታንክ አጥፊዎቹ አድፍጠው በቅርብ ርቀት ከጎን መቷቸው፣ ከተራራ ጀርባ እየተዘዋወሩም ደጋግመው መቷቸው። ውጊያው በጀርመኖች ሽንፈት ተጠናቀቀ፤ ያጡት ታንክም አሜሪካውያኑ ካጡት እጅግ የሚበዛ ነበር። የፓንተር ሞገስ የሚታየው የሠለጠነ ሠራተኛ፣ የተዘጋጀ ቦታና ጊዜ ሲኖረው ነው፤ ከ1944 በኋላ ደግሞ ጀርመን ሦስቱንም እያጣች ነበር።

የመጠኑ ነገርም አለ። በጦርነቱ በጠቅላላ 6,000 ያህል ፓንተሮች ሲሠሩ ሸርማን ወደ 49,000 ደርሷል። የፓንተር ሞተር የሚወጣበት የማይባክ ፋብሪካ በሚያዝያ 1944 ፍሪድሪክስሃፈን ላይ በአየር ሲደበደብም ምርቱ ተናግቷል። በታንክ ለታንክ ንጽጽር ላይ ብቻ የሚቆም ክርክር እነዚህን ነገሮች ስለሚረሳ እኛ አናበረታታውም።

ጥያቄ፦ ዛሬ ይህን ታንክ በዓይን ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። በእንግሊዝ ቦቪንግተን፣ በፈረንሳይ ሶሚዩር እና በጀርመን ሙንስተር ባሉት የታንክ ሙዚየሞች ይታያል። የቦቪንግተኑ ልዩ ታሪክ አለው፤ ከጦርነቱ ፍጻሜ በኋላ እንግሊዞች ሃኖቨር የነበረውን ፋብሪካ ይዘው በተራረፉ ዕቃዎች ለምርመራ ካስገጣጠሟቸው ጥቂት ፓንተሮች አንዱ በመሆኑ ውጊያ ላይ ቀርቦ አያውቅም።